ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ጄል ሆኖ የሚቀር

ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚገጣጥሙ ፔፕታይዶች ለተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕስ ስሙ ያስፈራል። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዉትና ከስራው እንነሳ። ዓመተ ምህረት ስጠራ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ ሐኪም በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ የታካሚውን ትልቁን አንጀት እያየ ነው። ከግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ እባጭ ልጦ አውጥቷል። የተላጠው ቦታ መድማት ጀመረ። ደሙ የሚፈናጠር አይደለም፤ ከብዙ ቦታ ትንሽ ትንሽ የሚያዣ ነው። በሙቀት ማቃጠል አንድ አማራጭ ነው። ግን የአንጀት ግድግዳ ስስ ነው፤ ደጋግመው ካቃጠሉት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በኢንዶስኮፑ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይሰድና ስስ፣ ጥርት ያለ ጄል ቦታው ላይ ይለቃል። ጄሉ ደሙን ሲነካ ጠንከር ይላል፤ ቁስሉን ይሸፍነዋል። ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከስሩ ያለው ሁሉ ይታያል። የሚደማ ነጥብ ከቀረ ሐኪሙ አይቶት ይጨምርበታል።

የምርቱ ስም ፑራስታት ነው። የሚያመርተው ስሪ-ዲ ማትሪክስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። አውሮፓ በ2014 ፈቀደችው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ደግሞ ለጨጓራና አንጀት ደም ማቆሚያነት በ2021። ሲሪንጁ ውስጥ ምን አለ ካላችሁ፣ 2.5 ከመቶው ፔፕታይድ ነው። የቀረው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከሰው የደም ፕላዝማ የተወሰደ ነገር የለበትም። ከእንስሳ የተወሰደም የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ህዋስ ለማሳደግ በብዛት የምንጠቀምበት ማትሪጄል ከአይጥ ካንሰር እጢ የሚወጣ ነው። ለምርምር ይሁን፤ ሰው ውስጥ ግን ማን ይከተዋል?

እሺ፣ ፔፕታይዱ ምንድን ነው? ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሰራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ፔፕታይድ አጭር። የፑራስታቱ ፔፕታይድ ራዳ-16 ይባላል። 16 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ እሱም አራት አሚኖ አሲድ አራት ጊዜ ተደግሞ። አርጂኒን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ አላኒን። ከዚያ እንደገና ከአርጂኒን ይጀምራል። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። አስፓርቲክ አሲድ ኔጋቲቭ ነው። አላኒን ቻርጅ የለውም፤ ውሃም ብዙ አይወድም።

ሰንሰለቱ ሲዘረጋ አሚኖ አሲዶቹ አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እያሉ ይሰለፋሉ። ስለዚህ አላኒኖቹ በሙሉ በአንድ ወገን ይውላሉ፤ ቻርጅ ያላቸው በሌላው። እንጀራን አስቡ። አንዱ ፊቱ ዓይን አለው፣ ጀርባው ለስላሳ ነው። ሁለት እንጀራ ጀርባ ለጀርባ ቢገጠም ዓይኑ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ይሆናል። ራዳ-16ም ውሃ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ውሃ የማይወደውን ጀርባውን ከጓደኛው ጀርባ ጋር ያጣብቃል፤ ቻርጅ ያለውን ፊቱን ለውሃው ይሰጣል። በጎን ደግሞ ሰንሰለት ከሰንሰለት አጠገብ ሃይድሮጂን ቦንድ በሚባል ደካማ ትስስር ይያያዛል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከግማሽ ናኖሜትር ትንሽ ያንሳል፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ እየተደረደሩ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ክር ይሆናሉ። ክሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ውሃውን ይይዙታል። ጄል ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ማሽን የለም። ማጣበቂያም የለም። ሰንሰለቱን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከሰራችሁት የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ርዕሱ ላይ «ራሳቸውን በራሳቸው የሚገጣጥሙ» ያልነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነቅና ወሬው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ሌላ ነገር ልላችሁ ነው። ፔፕታይድ እንዲገጣጠም ማድረግ ቀላሉ ክፍል ነው። እንዲያውም ብዙ ፔፕታይዶች ሳንፈልግ ነው የሚገጣጠሙብን፤ መድኃኒት የሚያመርቱ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፣ ምርት ያበላሽባቸዋል። ጭንቁ ያለው «መቼ?» የሚለው ላይ ነው። ሲሪንጅ ውስጥ አትገጣጠም፣ ሰውነት ውስጥ ስትገባ ተገጣጠም። እዚህ ቦታ አትጠንክር፣ እዚያ ስትደርስ ጠንክር። ይህን ትዕዛዝ አሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ መጻፍ ነው ዲዛይን የሚባለው።

ራዳ-16ን እንመልከት። ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድ ነው። በአሲድ ውስጥ አስፓርቲክ አሲድ ኔጋቲቭ ቻርጁን ያጣል። የአርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ ብቻውን ይቀራል። ክሮች ቢኖሩም ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ ጄሉም ልል ነው፣ በቱቦ ይሄዳል። ደም ግን ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 7.4 ነው፤ አሲድ አይደለም፤ ጨውም አለው። ፔፕታይዱ ደሙን ሲነካ አስፓርቲክ አሲዱ ኔጋቲቭ ቻርጁን ያገኛል፣ ከአርጂኒኑ ጋር ይሳሳባል። ጨው ደግሞ የቀረውን መገፋፋት ያዳክመዋል። ክሮቹ ይቀራረባሉ፣ ጄሉ ይጠነክራል። እንዲጠነክር ያዘዘው የታካሚው የራሱ ደም ነው።

የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ፔፕታይድ የተገኘው ደም የሚያቆም ነገር ሲፈለግ አልነበረም። ተመራማሪው ሹጓንግ ዣንግ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሌክሳንደር ሪች ላብራቶሪ ውስጥ ይሰራ ነበር። የሚያጠናው የእርሾ ፕሮቲን ነበር፤ ዙኦቲን ይባላል፣ ወደ ግራ የሚዞረውን ዲኤንኤ የሚይዝ ነው። ፕሮቲኑ ውስጥ አንድ የሚገርም ድግግሞሽ አየ። ግሉታሚክ አሲድ፣ አላኒን፣ ላይሲን፣ አላኒን፣ እየተፈራረቁ። ያችን ቁራጭ ለብቻዋ አሰራትና ህዋስ የሚያድግበት ሳህን ውስጥ ጨመራት። ሳህኑ ውስጥ ስስ ሽፋን የመሰለ ነገር ታየ። ንጹህ ውሃ ውስጥ አልነበረም። ልዩነቱ ህዋሱ የሚያድግበት ፈሳሽ ጨው ያለው መሆኑ ነበር። ስራው በ1993 ታተመ። ራዳ-16 የዚያች ቁራጭ ታናሽ ናት ማለት ይቻላል።

በ2006 የኤምአይቲና የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፔፕታይድ የእይታ ነርቭ መስመራቸው በተቆረጠባቸው ሀምስተሮች አንጎል ውስጥ ጨመሩት። ነርቮቹ ክፍተቱን ተሻግረው አደጉ፤ እንስሶቹም በከፊል ማየት ቻሉ። በዚያው ዓመት ይኸው ቡድን ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ፈሳሹ በእንስሳት ላይ ደምን ከ15 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚያቆም የሚያሳይ። ከሁለቱ ቀድሞ ሆስፒታል የደረሰው የትኛው እንደሆነ አይታችኋል። የነርቩ ወሬ ነው ጋዜጣ ላይ የሚወጣው፤ የደሙ ስራ ነው ታካሚ ጋ የደረሰው። በዚህ ሙያ ይህ ደጋግሞ ይከሰታል።

አሁን ወደ ጥርስ እንሂድ። ለኔ ከሁሉም በጣም የሚያምረው ዲዛይን ይህ ነው።

የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማሊያ አጌሊና ባልደረቦቿ ፒ11-4 የሚባል ፔፕታይድ ሰሩ። 11 አሚኖ አሲድ ነው። እዚህ ትዕዛዙ የተገላቢጦሽ ነው። ይህኛው አሲድ ሲያገኝ ነው የሚገጣጠመው። ለምን? ጥርስ መበስበስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ነጥብ ነው። ላዩ ገና አልተበሳም፤ ከስሩ ግን ባክቴሪያ ያመነጨው አሲድ ማዕድኑን አሟሙቶ ወስዶታል። ቦታው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፣ አሲድም አለበት። ፔፕታይዱ ጠብታ ሆኖ ላዩ ላይ ሲደረግ ገና ነጠላ ነጠላ ስለሆነ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ሲደርስ የቦታው አሲድ ፔፕታይዱ ላይ ያለውን የግሉታሚክ አሲድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያጠፋዋል። መገፋፋቱ ይቀራል፣ ፔፕታይዱም እዚያው ክር ይሆናል። ክሩ ላይ ካልሲየም የሚይዙ ቦታዎች አሉ። ከምራቅ የሚመጣው ካልሲየምና ፎስፌት እዚያ ላይ ይሰፍርና አዲስ የጥርስ ማዕድን ያበቅላል።

ልብ በሉ፤ በሽታው ራሱ ነው መድኃኒቱን የሚያዘው። ጤነኛ ቦታ ላይ አሲድ የለም፣ ትዕዛዝም የለም። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የደህንነት ሙከራ በ2013 ታተመ፤ 15 ሰዎች ላይ ነው የተሰራው። ክሬደንቲስ የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኩሮዶንት ሪፔር ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። ጥርሱ አንዴ ከተበሳ ግን ይህ ነገር አይሰራም። «ያለ መሰርሰሪያ ጥርስ መሙላት» እያሉ የሚያስወሩ አሉ። የሚሞላው ቀዳዳ አይደለም፤ ገና ያልተበሳውን ነው የሚያጠናክረው። ጥርስ ሐኪም የሆናችሁ ይህን ለታካሚ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ መንጋጋውን ይዞ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ትዕዛዙ የግድ አሲድ ወይም ጨው ላይሆን ይችላል። መርፌ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጆኤል ሽናይደርና ዳሪን ፖቻን በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ማክስ-1 የሚባል ፔፕታይድ ሰርተው ነበር። 20 አሚኖ አሲድ ነው፤ ቫሊንና ላይሲን እየተፈራረቁ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰንሰለቱን የሚያጥፍ ቁራጭ አለ። ላይሲኖቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ስለሆኑ በንጹህ ውሃ ውስጥ ሰንሰለቱ አይታጠፍም። ጨው ያለው ፈሳሽ ሲገባበት ይታጠፋል፣ ይደረደራል፣ ጄል ይሆናል። ጥሩ ነው። ችግሩ ሲረጋ ይዘገያል። ህዋስ ቀላቅላችሁ ብትተዉት ህዋሱ እስኪረጋ አይጠብቅም፤ ይሰምጣል፣ ከስር ይከማቻል።

ምን አደረጉ? ከ20ው አንዱን ብቻ ቀየሩ። አንድ ላይሲን አወጡ፣ በቦታው ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን ግሉታሚክ አሲድ አስገቡ። ማክስ-8 ተባለ። ጠቅላላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ከ9 ወደ 7 ወረደ። መገፋፋቱ ስለቀነሰ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ህዋስ መሸከም የሚችል ጄል ሆነ። ህዋሶቹ እንደተበተኑ ቀሩ። በተጨማሪ ይህ ጄል በመርፌ ስትገፉት ይፈስሳል፤ ከመርፌው ሲወጣ ወዲያው ተመልሶ ይጠነክራል። ስለዚህ ሲሪንጅ ውስጥ ጄል አድርጋችሁ አዘጋጅታችሁ፣ ህዋስ ቀላቅላችሁ፣ ቁስሉ ውስጥ ትወጉታላችሁ፤ ሄዶም አይፈስስም። ተማሪዎች «ዲዛይን ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ ይህን አንድ ለውጥ ነው የማሳያቸው።

ሌላ ምሳሌ በአጭሩ። ላንሬኦታይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ለሚያመነጩ ታካሚዎች ይሰጣል። 8 አሚኖ አሲድ ነው። ውሃ ውስጥ በብዛት ሲሆን ራሱን ገጣጥሞ 24 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ባዶ ቱቦዎች ይሰራል። በየ4 ሳምንቱ ከቆዳ ስር ጠለቅ ብሎ ይወጋል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየተፈታ ወደ ደም ይገባል። መድኃኒቱን የሚይዝ ሌላ ዕቃ አላስፈለገም። ራሱ መድኃኒቱ ነው፣ ራሱ ማስቀመጫው።

እስካሁን ስለ መገጣጠም ነው ያወራነው። ግን በጣም ጥብቅ አድርጎ መገጣጠምም ጥሩ እንዳልሆነ አሁን እያየን ነው። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ስታፕ ፔፕታይድ ላይ የስብ ጭራ እየቀጠለ ለረጅም ዓመታት ሰርቷል፤ በዚህ ዘዴ አጥንት የመሰለ ማዕድን የሚያበቅል ክር የሰራበት ጽሑፍ በ2001 ወጣ። በ2021 ደግሞ ዛይዳ አልቫሬዝ ከእሱ ቡድን ጋር አንድ ጥናት አሳተመች። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦች ከጉዳቱ 24 ሰዓት በኋላ ተወጉ። ፈሳሹ እዚያው ጄል ሆነ። ክሮቹ ላይ ለነርቭ ህዋስ «እደግ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ተሰክተዋል። ቁልፉ ያለው ግን እዚህ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ምልክቶቹን ሳይነኩ ከምልክቱ ስር ያሉትን ጥቂት አሚኖ አሲዶች ቀያየሩ። አንዳንዶቹ ክሮች ውስጥ ሞለኪዩሎቹ ፈዝዘው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ይወዛወዛሉ። ምልክቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚወዛወዙት የተሰጣቸው አይጦች በጣም የተሻለ መራመድ ቻሉ። ተቀባዩ ህዋስ ላይ ያለው መቀበያም ስለሚንቀሳቀስ፣ ምልክቱ ቢንቀሳቀስ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል የሚል ነው ማብራሪያቸው። አይጥ ነው፤ ሰው አይደለም። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ ነው የምደግመው።

አንድ የነርቭ ሐኪም እዚህ ካለ እስካሁን ጥያቄው ሳይበላው አልቀረም። «ይህ ክር አልዛይመር ውስጥ አንጎል ላይ ከምናየው የፕሮቲን ክር ክምችት፣ ከአሚሎይድ፣ በምን ይለያል?» ጥያቄው ትክክል ነው። አደራደሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሰንሰለት ከሰንሰለት ጎን፣ በዚያው ርቀት። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኢሁድ ጋዚት በ2003 ከአልዛይመሩ ፔፕታይድ መሃል ሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ለይቶ ወሰደ፤ ፌኒልአላኒን ከፌኒልአላኒን ጋር። ሁለቱ ብቻቸውን ጠንካራ ናኖ ቱቦ ሰሩ። ስለዚህ ዝምድናው የሚካድ አይደለም። ግን በ2009 የወጣ ሌላ ስራ ሰውነታችን ራሱ ብዙ ሆርሞኖችን እጢ ውስጥ በአሚሎይድ መልክ እንደሚያከማች አሳይቷል። ሲያስፈልግ ይፈታቸዋል። እዚህም ጉዳዩ ያው ነው፤ ክር መሆኑ ሳይሆን፣ መቼ እንደሚሆንና መፈታት መቻሉ። አዲስ ፔፕታይድ ሲሰራ «ይፈታል ወይ? በምን ያህል ጊዜ? የተፈታው የት ይሄዳል?» ብሎ አለመጠየቅ ግን ግዴለሽነት ነው።

ለመስራት የምታስቡ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ጽሑፎች ላይ ብዙም የማይነገረውን ልንገራችሁ። ፔፕታይድ የሚመጣላችሁ ነጭ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ላይ 10 ሚሊግራም ቢል ሁሉም ፔፕታይድ አይደለም። ውሃ አለበት፣ ከፋብሪካው የቀረ የአሲድ ጨውም አለበት። ያ አሲድ የፈሳሻችሁን ፒኤች ያወርደዋል። ስለ ትዕዛዝ ስናወራ ቆይተን የለም እንዴ? ሳታውቁት ትዕዛዙን ቀይራችሁታል ማለት ነው። አንድ ላብራቶሪ ጄል አደረግን ሲል ሌላው አልሆነልንም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የሟሟበት ቅደም ተከተልም ለውጥ አለው። መጀመሪያ ውሃ ከዚያ ጨው፣ ወይስ ቀጥታ ጨዋማ ፈሳሽ? ያው ፔፕታይድ፣ ያው መጠን፣ ሌላ ጄል ሊሆን ይችላል።

መረጋቱን የምታዩት በጣም ተራ በሆነ መንገድ ነው። ብልቃጡን ትገለብጡታላችሁ። ካልወረደ ጄል ነው። ከታች ወደ ላይ ስታዩት ጥርት ብሎ፣ አንድ ሁለት የአየር አረፋ መሃሉ ላይ ተይዞ ቆሞ ታያላችሁ። አረፋው ካልተንቀሳቀሰ ደስ ይበላችሁ። ነጭ ደመና ከታየባችሁ ግን ክር ሳይሆን ዝቃጭ ነው የሰራችሁት። ጥንካሬውን በቁጥር ለማወቅ ደግሞ ሪዮሜትር ያስፈልጋል፤ ብልቃጥ በመገልበጥ ብቻ ጽሑፍ አይወጣም።

የማይችለውን ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እነዚህ ጄሎች ለስላሳ ናቸው። የሰውነት ክብደት የሚሸከም አጥንት ምትክ አይሆኑም። ፑራስታትም ቢሆን ለሚያዣ ደም ነው፤ ከደም ወሳጅ ቧንቧ እየተፈናጠረ ለሚወጣ ደም ሐኪሙ ቧንቧውን ቆንጥጦ የሚይዝ ክሊፕ ነው የሚያደርገው። ዋጋም አለ። ፔፕታይድ በዘመናዊው ዘዴ የሚሰራው አሚኖ አሲዶቹን አንድ በአንድ እየቀጠሉ ነው። ዘዴውን ብሩስ ሜሪፊልድ በ1963 አሳተመው፣ በ1984 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። እያንዳንዱ ቅጥያ ኬሚካል ይበላል፣ እጥበት ይበላል። 16 ማለት 16 ጊዜ ነው።

ስለዚህ ማሳጠር ትልቅ ጥቅም አለው። 16 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? ከ600 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ። ማንም አይፈትሸውም። ባለ 3 ግን 8,000 ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 8,000ዎቹን በሙሉ በኮምፒውተር ሞክረው በ2015 ውጤቱን አወጡ፤ ከመረጧቸው ውስጥ በእጅ ተሰርተው በእርግጥ ጄል የሆኑ ተገኙ። ላይሲን፣ ታይሮሲን፣ ፌኒልአላኒን አንዱ ነው። ደስ የሚለው ነገር ቅደም ተከተሉ መወሰኑ ነው፤ እነዚያኑ ሦስቱን አሚኖ አሲዶች ቦታ ስታቀያይሯቸው ጄል የማይሆኑ አሉ።

ከዚያም በላይ ረቂቅ ነገር አለ። አሚኖ አሲዶች የግራና የቀኝ መልክ አላቸው፤ ሰውነታችን የሚጠቀመው የግራውን ነው። የጣሊያኗ ተመራማሪ ሲልቪያ ማርኬሳን ከባልደረቦቿ ጋር ቫሊን-ፌኒልአላኒን-ፌኒልአላኒንን ስትሞክር፣ ሦስቱም የግራ ሲሆኑ በገለልተኛ ፒኤች ጄል አልሆነም። ቫሊኑ ብቻ በቀኙ ሲተካ ጄል ሆነ። የቀኙን መልክ የሰውነት ኢንዛይሞች በቀላሉ ስለማይቆርጡት ጄሉ የሚቆይበት ጊዜም ሊረዝም ይችላል። ኮምፒውተሩ የፈተሻቸው 8,000ዎቹ የግራዎቹ ብቻ ነበሩ። የቀኙን ስትጨምሩበት ዝርዝሩ ወደ 60,000 ይጠጋል፤ አብዛኛው ገና ብልቃጥ ውስጥ አልገባም።